ከስታዲየሙ ደረጃ ሥር የወሰድሁት እንጨት

ስለ እግር ኳስ የማውቀው ጥቂት ነው። በአንድ ወገን ስንት ሰው እንደሚሰለፍ እንኳ የነገረችኝ ልጄ ናት። የኳስ ሜዳ ከምን እንደሚሠራ ግን አውቃለሁ፤ ጠጠሩንም አሸዋውንም ተሸክሜዋለሁና። እዚያ ስሠራ ያደረግሁትን ብዙ ሰው ሰምቷል። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ በልቤ ያሰብሁትን ግን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አሁን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ደብሬ እባላለሁ። የተወለድሁት ወገራ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ውስጥ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባለቤቴ ሲሞት መሬቱን ለወንድሙ በእኩል እንዲያርስ ሰጥቼ ልጄን ትርንጎን ይዤ ወደ ጎንደር መጣሁ፤ አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራየን። ሦስት ልጆች ወልጄ ሁለቱን ቀብሬያለሁ። ትርንጎ የቀረችኝ ናት። ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትና ነጥቡ አልመጣላትም፤ እንደ እኔው ቀን ሥራ ገባች። ሁለታችንም ከአዘዞ ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ በኩል በሚሠራው አዲስ ስታዲየም ነበርን።

በዚያ ወራት የከተማው ወሬ አንድ ብቻ ነበር። አገራችን የአፍሪካን ዋንጫ ለማዘጋጀት ጠይቃለች፤ ጨዋታው በአንድ ከተማ ብቻ አያልቅም፣ ለብዙ ከተሞች ይከፋፈላል፤ ጎንደርም ሜዳዋ ከደረሰላት ትታሰባለች ይባል ነበር። እርግጡን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ያም ሆኖ ባለባጃጁም፣ ሽንኩርት ሻጯም፣ እኛም ስለዚያው እናወራለን።

እኔ የምይዘው ባሬላ ነበር። ባሬላ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ የሚሸከመው ባለ አራት እጀታ ሳንቃ ነው። አርማታው ይጫንበትና በመወጣጫው ወደ ላይ፣ ተመልካች ወደሚቀመጥበት ደረጃ ይወጣል። ጓደኛዬ ጥሩዬ ነበረች፤ የሁለት ሕፃናት እናት፣ አፏ ሥራ የማይፈታ ሴት።

"ሆቴል ሳይኖር የግብጽ ተጫዋቾች የት ሊያድሩ ነው?" ትላለች መወጣጫው ላይ እያለከለከች።

"አንቺ ቤት ነዋ።"

"ይምጡ። ቁንጫው ሲጫወትባቸው አድሮ በነጋው ባዶ ለባዶ ይወጣሉ።"

ፎርማናችን ጌትነት ከላይ ሆኖ ይሰማናል። "ባሕር ዳር አለች፣ ሐዋሳ አለች፣ ድሬዳዋ አለች። በናንተ አረማመድ ጎንደር የሚደርሳት ኳስ ማቀበል ነው" ይለናል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ ለእኛ ለሴቶቹ የተቆራረጠውን ጣውላ ለማገዶ እንድንወስድ ይፈቅድልናል። ክምሩ የት እንዳለ እናውቃለን፤ ከዚያ አንስተን እንሄዳለን።

አዘዞ ያለን የወገራ ሴቶች የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር አለን። የዚያ ወር ተራው የእኔ ነበር። ጠላው ደርሷል፣ ለድፎ ዳቦ የሚሆነው ስንዴ ተፈጭቷል፤ የጎደለኝ ማገዶ ነበር። ሚካኤል ረቡዕ ዋለ። ማክሰኞ ከሰዓት ፎርማኑን የአንድ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁት።

"ነገን ደግሞ ምነው መረጥሽው?" አለኝ። "ነገ ሜዳውን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። እነሱ ሲደርሱ ሥራ ላይ እንድንታይ በማለዳ አንዱን ደረጃ እንሞላለን። ባሬላሽን ማን ይይዛል?"

"ትርንጎ ትያዝልኝ" አልሁት።

ልጄ ሌላውን ጊዜ ከታች ጠጠር ታቀብል ነበር እንጂ ደረጃው ላይ ወጥታ አታውቅም። ላይ ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ በገዛ አፌ።

ሥራ ሊያበቃ ሲል ወደ ቁራጩ ክምር ሄድሁ። ባዶ ነበር፤ ቅዳሜ ተወስዶ አልቋል። ያን ጊዜ ደረጃው ሥር ገባሁ። ከላይ አርማታ የሚፈስበትን ጣውላ የሚሸከሙት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ናቸው፤ ተጠጋግተው ስለቆሙ ውስጡ እንደ ጫካ ይጨልማል። በየቋሚው እግር ሥር፣ መሬት ላይ ከተነጠፈው ሳንቃ በላይ፣ እጅ የሚያህል ደረቅ እንጨት ተሰክቷል። አንዱን በጣቴ ነካሁት፤ ተነቃነቀ። ሳብ ሳደርገው እንደ ወተት ጥርስ ወለቀ። ቋሚው እንደሆነ ከቦታው ፍንክች አላለም። ምንም የያዘ ነገር አልመሰለኝም። ጠበቅ ያለውን እየተውሁ የላላውን እየመረጥሁ ሰባት ወሰድሁ።

እየሰረቅሁ ነው ብዬ አላሰብሁም። ቁራጭ ተፈቅዶልን የለ? ግን ከረጢቱን ስቋጥር ዞር ብዬ ወደ ኋላዬ አየሁ። ሰው ወደ ኋላው የሚያየው ምን ሲያደርግ እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ረቡዕ ትርንጎ በማለዳ ተነሣች።

"ከባሬላው ፊት ሁኚ፤ ከኋላ ስትሆኚ መርገጫሽ አይታይሽም" አልኋት።

"እሺ እማ። የኳስ ሜዳ እኮ ነው የምሄደው፣ ጦር ሜዳ አደረግሽው" ብላኝ እየሳቀች ወጣች።

ሊጡን አቡክቼ ከደንሁት። ከሰባቱ ሁለቱን እንጨቶች ፈልጬ እሳት አያያዝሁ። ሸጋ አድርገው ነደዱ። ይሄኔ ጎረቤቴ አያ ሞላ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ገቡ። አያ ሞላ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ማኅበር በደረሰ ቁጥር ወንበር ያውሱናል። ወንበሩን አስቀምጠው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከማገዶው ላይ ወደቀ። አንዱን አንስተው አገላበጡት።

"ደብሬ፣ ይኼን ከየት አመጣሽው?"

"ከሥራ ቦታ ነው አያ። ቁራጭ ነው።"

"ቁራጭ አይደለም። ይኸውልሽ፣ በዚህ ወገን ወፍራም ነው፣ በዚህ ወገን ስስ። ሰው ለክቶ ነው የጠረበው። ሽብልቅ ነው። የት ነበር?"

"ከቋሚዎቹ እግር ሥር።"

"ምነው ደብሬ" አሉና ባመጡት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ላልቶ ነበር እኮ አያ ሞላ። ምንም አልያዘም ነበር።"

"ትናንት ምን ይይዛል፣ ከላይ ባዶ ነው። ሽብልቅ የሚይዘው ጭነት ሲመጣበት ነው። እርጥብ አርማታ ክብደቱ የዋዛ አይምሰልሽ። መቼ ነው የሚሞላው?"

"ዛሬ።"

"ስንት ሰዓት?"

"አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራሉ።"

ስልካቸውን አውጥተው አዩ። "አንድ ተኩል ሆኗል" አሉ።

"ትርንጎ ላይ ናት" አልሁ። 

በእሳቸው ስልክ ደወልንላት። ስልኳ እዚያው አጠገባችን፣ መደቡ ላይ ከትራሷ ሥር ጮኸ። ቻርጅ እንደሰካችው ረስታው ሄዳለች። የፎርማኑን ቁጥር አላውቅም፤ የማንንም አላውቅም። አያ ሞላ እሳቱን እኔ አጠፋዋለሁ አሉኝ መሰለኝ፤ እኔ ወጥቻለሁ።

አዘዞ አደባባይ ላይ ሚኒባስ አገኘሁ። ሰው ሞልቶ ተነሣ። ጥቂት እንደሄደ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ፖሊሶች መንገዱን ዘግተውታል።

"ምንድን ነው?" አልሁት ረዳቱን።

"እንግዶቹ ከኤርፖርት እስኪያልፉ ነው።"

"መቼ ነው የሚያልፉት?"

"አውሮፕላኑ ሲወርድ ነዋ እናቴ።"

አንድ ሰውዬ ከኋላ፣ "ዋንጫው ገና ሳይሰጠን መንገዱን ወሰደብን" አለ። ሰው ሳቀ። እኔ በሰው ጉልበት ላይ ተረማምጄ ወረድሁ።

ከመንገዱ ወጥቼ በእርሻው መሐል ሮጥሁ። ታርሶ የከረመ ጓል መሬት ነው፤ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። በመጀመሪያ የምለምነው ሚካኤልን ነበር። በስምህ ለምደግሰው ድግስ በወሰድሁት እንጨት ልጄን አትውሰድብኝ እለዋለሁ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሐሳብ ገባብኝ። ብናገር ምን ይሉኛል? እንግዶች በሚመጡበት ቀን ድጋፍ ነቅላ ሄደች ቢባል ማን ቁራጭ መስሏት ነው ይላል? ሆን ብላ ነው፣ ከተማውን ልታሰናክል ነው ይሉኛል። እታሰራለሁ። ትርንጎ ብቻዋን ትቀራለች። እየሮጥሁ ዘዴ አገኘሁ። ልጄን አስጠርቼ ከበር እወስዳታለሁ። ለማንም ምንም አልናገርም። ደረጃው ላይወድቅም ይችላል፤ ሰባት ብቻ ነው፤ ሌላው ቋሚ ይሸከመዋል። እንዲህ እያልሁ ነው ስታዲየሙ በር የደረስሁት።

ዘበኛው አያ ፈንታ ነበሩ። በየቀኑ ሰላም የሚሉኝ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ሁለት የማላውቃቸው ጥበቃዎች አጠገባቸው ቆመዋል፤ አያ ፈንታ ወረቀት ይዘዋል።

"ዛሬ ስሙ ያልተጻፈ አይገባም፣ ደብሬ።"

"ሳልገባም ይሁን። ትርንጎን ብቻ ይጥሩልኝ።"

"ምን ልበላት?"

"እናትሽ ታማለች ይበሏት።"

ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ አዩኝ። "በሁለት እግርሽ ቆመሽ እያየሁሽ?"

"አያ ፈንታ፣ ስለ ሚካኤል።"

ወረቀቱን ለአንዱ ጥበቃ ሰጥተው ገቡ። ሚክሰሩ ይጮሃል። ከበሩ ሆኜ ደረጃው በሙሉ ይታየኛል። ሰው ባሬላ ይዞ በመስመር ይወጣል፣ ደፍቶ ይወርዳል። ከላይ አካፋ ይዘው አርማታውን የሚያስተካክሉ አሉ። ሃያ ሰው ይሆናል። ትርንጎን በቢጫ ሻሿ ለየኋት። አያ ፈንታ ከታች ሆነው ሲጠሯት አየሁ። ባሬላውን አስቀመጠች፣ ለጥሩዬ አንድ ነገር ተናገረች፣ መወጣጫውን ወረደች።

ደስ አለኝ። ይህን አልደብቃችሁም። ሃያው ሰው እዚያው ላይ እንዳለ፣ ልጄ ወደ እኔ ስትመጣ ሳይ ሰውነቴ ሁሉ ላላ፤ ደስ አለኝ።

"ምነው እማ? ምን ሆንሽ?" እጇ እስከ ክንዷ ሲሚንቶ ነው።

"ነይ እንሂድ።"

"ወዴት? ጥሩዬ ባሬላው ጋ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።"

"ትጠብቅ። ነይ ብያለሁ።" እጇን ይዤ ጎተትሁ።

"አመመሽ ወይስ ሰው ሞተ? እጄን ልቀቂኝና ንገሪኝ።"

ወደ ጆሮዋ ተጠግቼ ነገርኋት። ሽብልቅ የሚለውን ቃል እኔ በዚያች ጠዋት ነው የሰማሁት፤ እሷ ግን ከአናጢዎቹ ጋር ስትውል ታውቀዋለች። ፊቴን አየችኝ፤ እንዲያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። እጇን መንጭቃ ዞረችና ሮጠች። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ።

ልጄን ላወጣ መጥቼ ተመልሳ እንድትገባ አደረግኋት። ተከተልኋት። አያ ፈንታ ነጠላዬን ያዙ፤ ነጠላዬ እጃቸው ላይ ቀረ።

ስደርስ ፎርማኑን ከላይ አስወርዳ መወጣጫው ግርጌ አብራው ቆማለች። "ሰዉን አውርደው፣ ድጋፉ ላልቷል" ትለዋለች።

"ማን አላላው?"

"ሽብልቅ ጎድሏል። ሥሩን ግባና እይ።"

"ጠዋት ታይቷል።"

"ማን አየው?"

ጌትነት አጠገቡ ወደቆመው ድጋፍ ሠሪ አናጢ ዞረ፤ አናጢው ወደ ጌትነት። ጌትነት ሰዓቱን አየ። "እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው፣ አንቺ ልጅ። ደርሰው ቆመን ሊያገኙን ነው። ማነው እንዲህ ብሎ የነገረሽ?"

ትርንጎ ዝም አለች። እኔ ከኋላዋ ሦስት እርምጃ ላይ እንዳለሁ ታውቃለች፤ አልዞረችም። ስሜን ከምትጠራ ዝም ማለትን መረጠች።

"ማንም አልነገረሽም። በሉ ወደ ሥራ" አለ ጌትነት። ባሬላ የያዙት መውጣት ጀመሩ። ጥሩዬ ከላይ ሆና፣ "ትርንጎ፣ ትመጫለሽ ወይስ ግማሹን ሳንቃ ይዤ ልሂድ?" ስትል ሰማኋት። ትርንጎ እግሯን መወጣጫው ላይ አነሣች። ልትወጣ ነው። ሥሩ ባዶ መሆኑን እያወቀች፣ እነሱ ላይ ስለሆኑ ልትወጣ ነው።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

ጌትነት ዞረ። "ምን?"

"ሽብልቁን የወሰድሁት እኔ ነኝ። ትናንት ማታ፣ ለማገዶ። ሰባት ነው። ሁለቱን አንድጃቸዋለሁ።"

ሚክሰሩ ጠፋ። ሰው መስማቱን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ጌትነት አልሰደበኝም። ቀና ብሎ በቀስታ፣ ሰው ሕፃን እንደሚያባብል ዓይነት፣ "ውረዱ" አለ። "አንድ በአንድ። እንዳትሮጡ። የያዛችሁትን እዚያው አስቀምጡ፤ እንዳትወረውሩት።" አካፋ የያዙት መጀመሪያ ወረዱ። ባሬላ ከያዙት መጨረሻ ጥሩዬ ወረደች። የመጨረሻው ሰው መሬት እስኪረግጥ እኔ እቆጥር ነበር፤ ሃያ ሁለት ነበሩ።

"የትኞቹ እንደሆኑ ካላወቅን ድጋፍ ልናስገባ አንችልም" አለ አናጢው።

"እኔ አሳያችኋለሁ" አለች ትርንጎ።

"አንቺ አታውቂውም፤ ቁሚ" አልኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ያችን ልጅ እንደዚያ ቀን ተቆጥቼያት አላውቅም።

ደረጃው ሥር ከጌትነትና ከአናጢው ጋር ገባሁ። ከላይ ከጣውላው ስንጥቅ የሲሚንቶ ውኃ አናታችን ላይ ይንጠባጠባል። እንጨቱ ሁሉ ይናገራል፤ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጥ፣ ሲጥ ይላል። አንዱን አሳየሁ፣ ሁለተኛውን አሳየሁ። ትናንት ፍንክች ያላለው ቋሚ ዛሬ ተንጋዶ ቆሟል። ሰባቱንም አሳየሁ። አናጢው በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየ።

"ይኼስ?"

"እሱን አልነካሁም።"

"ይኼኛውስ?"

"አልነካሁም። በሚካኤል ስም አልነካሁም።"

ጌትነት የጎደለውን ቆጠረ። ዐሥራ አንድ ነበር። ሊናገረኝ አፉን ሲከፍት አንድ ቋሚ ቋ አለ፤ እንደ ጥይት ነበር። ጌትነት ቀሚሴን ከትከሻዬ ላይ ጨምድዶ ጎተተኝ። ስንወጣ ነው፣ እንዴት እንደወጣን አላውቅም፣ ከኋላችን መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ስዞር ጥሩዬ ቆማበት የነበረው የደረጃው ጫፍ የለም። ጣውላው፣ ብረቱ፣ ያ ሁሉ ሲጋዝ ያረፈደ አርማታ፣ እዚያ የተተዉት ባሬላዎች፣ ሁሉም እኛ የነበርንበት ላይ ተከምሯል። አርማታው እንደ ገንፎ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። የተጎዳ ሰው የለም። አንድም።

ጥሩዬ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የወደቀውን ታያለች። ትርንጎ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ አልነካችኝም።

እንግዶቹ ጥቂት ቆይተው በሦስት መኪና ደረሱ። ኃላፊዎቹ በማዶ በኩል አዞሯቸው። አንደኛው ሰውዬ ግን የፈረሰውን በስልኩ ፎቶ ሲያነሣ አይቻለሁ። ምን ብሎ እንደጻፈበት አላውቅም።

ጌትነት ሲያልፍ አጠገቤ ቆመ። "ደብሬ፣ ነገ እንዳትመጪ" አለኝ፣ ሄደ። ፖሊስ አልጠራብኝም። ምክንያቱ የገባኝ ሰንብቶ ነው፤ ጠዋት ደረጃው ሥር ገብቶ ያየ ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ቢጣራ እሱም ይጠየቅበት ነበር።

ወደ አዘዞ በእግራችን ተመለስን። ትርንጎ ከፊቴ ትሄዳለች። ግማሽ መንገድ ላይ ሳትዞር ተናገረች።

"እማ።"

"ወይ።"

"እኔን ብቻ ልትጠሪ ነበር የመጣሽው?"

መዋሸት እችል ነበር። የምትፈልገውም ውሸቱን መሰለኝ፤ ድምፅዋ እንደዚያ ነበር።

"አዎ" አልኋት።

"ጥሩዬ ሁለት ልጆች አሏት።"

"አውቃለሁ።"

አራት ቀን ያህል ከእሺና ከእንቢ በቀር ቃል አልሰጠችኝም። ሊጡ ሞልቶ ፈስሶ ጠበቀኝ፤ ማኅበሩ ጎረቤት በጋገረችው ዳቦ ተጠጣ። ወሬው ቀድሞን ነበርና ሴቶቹ፣ በሚካኤል ዕለት አርማታ ሲሞሉ ነው የፈረሰባቸው፤ በዓል ሽረው ነው አሉ። ዝም ብል ሁሉም በመልአኩ ላይ ሊቀር ነው። ፅዋው ሳይዞር፣ በዓሉ አይደለም፣ እኔ ነኝ ብዬ ነገርኋቸው። ሁለቱ ሴቶች እስከ ዛሬ ቤቴ አይመጡም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩዬ ቤት ሄድሁ። ግቢ ውስጥ ብርድ ልብስ ታጥባለች። በሩ ላይ ምን እንዳሰብሁ፣ አንቺን ላይ ትቼሽ ልሄድ ነበር ብዬ ነገርኋት። ቀና አላለችም።

"አይቼሻለሁ" አለች። "ትርንጎ ስትጠራ ከላይ ሆኜ ዓይኔ ተከተላት። እጇን ስትጎትቺ አይቼሻለሁ። ይቺ ሴትዮ ምን ነካት ብዬ ነበር።"

"ይቅር በይኝ ጥሩዬ።"

ብርድ ልብሱን ውኃው ውስጥ መልሳ ነከረችው። "ከቀሩት አራት ሁለቱ እኔ ቤት ናቸው" አለች። "ሰኞ ነው የወሰድኋቸው። ከጫፉ ሥር ነበሩ። ባሬላውን ይዤ ትርንጎን የጠበቅኋት እዚያው ላይ ቆሜ ነው። አንቺ ስትናገሪ እኔም ልናገር አፌ አልላቀቅ አለ፤ እስከ አሁንም አልተናገርሁም።"

የቀሩትን ሁለት ማን እንደወሰዳቸው እሷም አታውቅም። እርጥቡን ብርድ ልብስ አነሣችና አንዱን ጫፍ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። እሷ በዚያ ወገን፣ እኔ በዚህ ወገን ይዘን ጠመዘዝነው። ውኃው እግራችን ላይ ፈሰሰ።

አሁን አዘዞ ድንችና ሽንኩርት እሸጣለሁ። ትርንጎ ከሳምንት በኋላ ወደዚያው ሥራ ተመለሰች፤ እኔም ቅሪ አላልኋትም። አርማታ በሚሞላበት ማለዳ ማንም ሳያዛት ደረጃው ሥር ትገባለች፤ እያንዳንዱን ሽብልቅ በእግሯ መታ መታ እያደረገች ትወጣለች። መጀመሪያ "የደብሬ ልጅ እንጨት ልትለቅም ነው" ብለው ይስቁባት ነበር። አሁን እሷ ሳትወጣ ሚክሰሩ አይነሣም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ጎንደር ትመረጥ አትመረጥ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ብትመረጥ ከእናንተ አንዳንዱ መጥቶ እዚያ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁንም ይዞ ይመጣ ይሆናል። እናት ነኝና ልጅን ማስቀደም ኃጢአት ነው አልላችሁም። ዛሬም ቢሆን መጀመሪያ የምሮጠው ወደ ትርንጎ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ መሮጤ ሳይሆን እጇን ከያዝሁ በኋላ ያለችው ቅጽበት ናት። የሌላው ሰው ልጅ በሙሉ ላይ ሆኖ እየታየኝ፣ እኔ በቃኝ ብዬ ፊቴን አዙሬ ነበር። ልጄ ባትመልሰኝ ኖሮ ሄጄ ነበር።

ባለፈው ፍልሰታ በቅዳሴ ጸሎት ስም ለማስጠራት ወረቀት አዘጋጀሁ። የየሰዉን የክርስትና ስም ስጠይቅ ብዙ ቀን ፈጀብኝ። ጌትነት ደንግጦ "ልታስደግሚብኝ ነው?" ብሎኛል። አርማታ የሚያስተካክለው ከድር የክርስትና ስም ስለሌለው፣ ከድር ብቻ ብዬ ጻፍሁት። ወረቀቱን ለንስሐ አባቴ ሰጠሁ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ እንደገና አነበቡት።

"የልጅሽ ስም የለም እኮ ደብሬ።"

"እሷማ ያን ቀን ወርዳ ነበር፣ አባ" አልኋቸው። "ላይ የቀሩት እነዚህ ናቸው።"